ቫልቩስ ሠራ፤ እናታችንስ?



ከኦፕሬሽን ክፍል ደጃፍ ተኮልኩሎ የሚጠብቅ ቤተሰብ ሐኪሙ ብቅ ሲል የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ተረፈች?» ሐኪሙም «በሰላም አልቋል» ይላል። እንባው ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ስልክ ይደወላል፣ የተሳሉት ስለት ይታወሳል። ደስታው ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ለመናገር ነው። የ80 ዓመት እናት በልብ ኦፕሬሽን ታክማ፣ ከስድስት ወር በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ ላይ ናት?

የቀዶ ሕክምናው ዓለም ራሱ ውጤቱን ሲለካ የኖረው ከቤተሰቡ ጥያቄ ብዙም ባልራቀ መንገድ ነው። ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ ሞተ ወይስ አልሞተም? ለ45 ዓመት ጎልማሳ ይህ መለኪያ ብዙ ይናገራል። ለሽማግሌ ግን ግማሹን ይደብቃል። በ30ኛው ቀን በሕይወት ያለ፣ ግን ብቻውን መጸዳጃ ቤት መሄድ የማይችል፣ ልጆቹን የሚያምታታ፣ ከነርሲንግ ሆም የማይወጣ ሰው በመዝገቡ ላይ «የተሳካ» ተብሎ ይጻፋል። ከስድስት ወር በኋላ ቆሞ የሚያስቀድሰውም «የተሳካ» ነው። ሁለቱን የማይለይ ቁጥር ለውሳኔ አይበቃም።

በመጀመሪያ በሽታውን እንየው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ልብ አራት ቫልቮች አሏት፤ በዕድሜ በብዛት የሚበላሹት በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ናቸው። የአኦርታ ቫልቭ ካልሲየም እየተጋገረበት ይደድርና መክፈቻው ይጠባል። ዕድሜያቸው ከ75 ካለፈ ሰዎች መካከል ከመቶ ሦስት ያህሉ ይህ ጥበት በከባድ ደረጃ አለባቸው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ትንፋሽ ማጠር። ችግሩ የእኛ ሽማግሌዎች «ደረጃ ስወጣ ይደክመኛል፣ ያው እርጅና ነው» ብለው ዝም ማለታቸው ነው። ሮስና ብራውንዋልድ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1968 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ቫልቩ ሳይታከም ራስን መሳት የጀመረው ሰው በአማካይ የሚኖረው ሦስት ዓመት ያህል፣ ልቡ መድከም የጀመረው ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል ነው። ከብዙ ካንሰሮች የከፋ ነው ማለት ነው፤ ግን ማንም እንደ ካንሰር አይደነግጥለትም።

ሁለተኛው ሚትራል ቫልቭ ነው። ይህ ሲያፈስ ወይም ሲጠብ የላይኛው ግራ የልብ ክፍል እየተለጠጠ ይሄዳል። የተለጠጠ ክፍል ደግሞ ምቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የምት መዛባት የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ይንቀጠቀጣሉ፣ ደሙ በውስጣቸው ይዘገያል፣ የዘገየ ደም ይረጋል፣ የረጋው ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል። ከ80 ዓመት በላይ ካሉ ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ይህ የምት መዛባት አለበት። በማሳቹሴትስ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ለብዙ አሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት በ1991 እንደዘገበው፣ መዛባቱ የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። በ50ዎቹ ዕድሜ ከሚደርሰው ስትሮክ ከመቶ አንድ ተኩል ያህሉ ብቻ ከዚህ የሚመጣ ሲሆን፣ በ80ዎቹ ግን ሩብ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

እንግዲህ ቫልቭና ምት አብረው ስለሚታመሙ ሐኪሙ ደረት ከከፈተ በኋላ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ላክም ማለቱ አያስገርምም። ጥያቄው ሁለቱን ማከም ለሽማግሌው ምን አተረፈለት ነው።

ከአኦርታ ቫልቭ እንጀምር፤ ቁጥሩ ቁልጭ ያለው እዚያ ነውና። በሚያዝያ 2002 አላን ክሪቢዬ የተባለው ፈረንሳዊ የልብ ሐኪም በሩዋን ከተማ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት በኩል በገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ የአኦርታ ቫልቭ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ አስቀመጠ። ታካሚው ማንም ቀዶ ሐኪም ሊነካው የማይደፍረው የ57 ዓመት ሰው ነበር። ዛሬ ታቪ ወይም ታቨር እያልን የምንጠራው ሕክምና የተጀመረው በዚህ ነው። በ2010 ፓርትነር የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። ለኦፕሬሽን አይበቁም የተባሉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 83 የሆነ 358 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በመድኃኒትና በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት በአንድ ዓመት ውስጥ 50.7 በመቶው ሞቱ፤ በቱቦ ቫልቭ ከገባላቸው ደግሞ 30.7 በመቶ። በልብ ሕክምና ታሪክ እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ አይታይም። ከአምስት ሰው የአንዱን ነፍስ ማትረፍ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ቁጥር ገልብጣችሁ አንብቡት። ቫልቩ በትክክል ገብቶ፣ በትክክል እየሠራ፣ ከአሥሩ ሦስቱ በዓመቱ የሉም። በአምስት ዓመት ውስጥ ከታከሙት 72 በመቶ ያህሉ ሞተዋል። ያልታከሙት ከ93 በመቶ በላይ ስለሞቱ ሕክምናው አሁንም አሸናፊ ነው፤ ግን የገደላቸው ቫልቩ ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ኩላሊት አለ፣ ሳንባ አለ፣ ጡንቻ አለ፣ አእምሮ አለ። በፓርትነር ከተሳተፉት ከ2,000 በላይ ታካሚዎችን መዝግበው የተከታተሉ ተመራማሪዎች ቫልቭ ከገባላቸው ውስጥ ሲሶው በስድስት ወር «መጥፎ ውጤት» ላይ እንደነበሩ አገኙ። መጥፎ ውጤት ሲሉም ወይ የሞተ፣ ወይ በሕይወት ኖሮ የኑሮው ጥራት በጣም ዝቅ ያለ አልያም ከቀድሞው የባሰበት ማለታቸው ነው። እኔ ይህን አቆጣጠር ከ30 ቀኑ ይልቅ እወደዋለሁ። ታካሚውን «ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥርሃል ወይ? ልብስህን ራስህ ትለብሳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ጥናት ሽማግሌ ምን እንደሚፈልግ የገባው ጥናት ነው።

ጠንከር ላሉት ሽማግሌዎች ደግሞ ነገሩ ይለያል። በ2019 የወጣው ሦስተኛው ፓርትነር አማካይ ዕድሜያቸው 73 የሆነና ለኦፕሬሽን ብዙም የማያሰጉ 1,000 ሰዎችን አወዳደረ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሞት፣ ስትሮክ ወይም ወደ ሆስፒታል መመለስ የገጠማቸው በቱቦ ከታከሙት 8.5 በመቶ፣ ደረታቸው ተከፍቶ ከታከሙት 15.1 በመቶ ነበሩ። በአምስት ዓመቱ ሲታይ ግን ልዩነቱ ጠቦ አንዱ ከሌላው በለጠ ለማለት የሚያስችል አልሆነም። ስለዚህ «በብሽሽት ነው፣ ቀላል ነው» ተብሎ ብቻ አይወሰን፤ 68 ዓመት የሆነ ጠንካራ ሰውና 86 ዓመት የሆነች ደካማ እናት የሚመርጡት ከአንድ ገበታ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙዎች አፍረው የማይጠይቁትን ልንገራችሁ። እነዚህ ቫልቮች የሚሠሩት ከእንስሳ ሥጋ ነው። አንዳንዱ ከላም ልብ ሽፋን፣ አንዳንዱ ከአሳማ። ለእኛ ለኦርቶዶክሶቹም ለሙስሊሞቹም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከየትኛው እንደተሠራ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ሐኪሙም አይገረምም፣ ለብዙ ሰው ሁለቱም ዓይነት ይስማማል። የሃይማኖት አባቶቻችሁንም አማክሩ። ከኦፕሬሽን በኋላ አውቆ ሲብሰለሰል የሚኖር ሽማግሌ ከማየት ይሻላል።

አሁን ወደ ምቱ።

በመስከረም 1987 ጄምስ ኮክስ የተባለ ቀዶ ሐኪም በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በባርንስ ሆስፒታል፣ ሜዝ የሚባለውን ኦፕሬሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በላይኞቹ የልብ ክፍሎች ግድግዳ ላይ መስመር እየተደረገ ይቆረጥና መልሶ ይሰፋል፤ ጠባሳው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ገበሬ በማሳው ላይ ቦይ እያወጣ ውሃው እንዳሻው እንዳይንሸራሸር እንደሚያደርገው፣ የተቅበዘበዘው የልብ ኤሌክትሪክ በጠባሳዎቹ መካከል አንዲት መንገድ ብቻ ትቀርለታለች። ከ2002 ወዲህ መቀሱንና መርፌውን አብዛኛውን ጊዜ በሬዲዮ ሞገድ ሙቀትና በብርቱ ቅዝቃዜ ተክተውታል፤ ሰዓቱም አጥሯል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለብቻው ሳይሆን ሐኪሙ ለሚትራል ቫልቭ ሲገባ ነው።

ውጤቱስ? በ2015 የአሜሪካና የካናዳ ሆስፒታሎች በጋራ ያሳተሙት ጥናት ሚትራል ቫልቫቸው የሚታከምና ምታቸው ለረጅም ጊዜ የተዛባ 260 ሰዎችን በዕጣ ከፈለ። ለግማሾቹ ቫልቩ ብቻ፣ ለግማሾቹ ቫልቩም ምቱም። በስድስት ወሩም በዓመቱም ሲመረመሩ ከመዛባቱ ነፃ ሆነው የተገኙት ምቱም ከታከመላቸው 63 በመቶ፣ ካልታከመላቸው 29 በመቶ ነበሩ። ለምት ይህ ትልቅ ድል ነው። የሞቱት ግን በዓመቱ በሁለቱም ወገን የሚቀራረቡ ነበሩ፤ ምቱ የታከመላቸው ረጅም ዕድሜ አላገኙም። በላዩ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያስፈለጋቸው ሰዎች ቁጥር ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ።

ታዲያ ከንቱ ነው? አይደለም፤ ግን ለማን ተብሎ መጠየቅ አለበት። ምቱ ከተዛባ ብዙ ዓመት ያለፈው፣ የላይኛው ግራ ክፍሉ በጣም የተለጠጠ ሰው የመመለስ ዕድሉ ያነሰ ነው። በ84 ዓመቷ ምቷ የተዛባ መሆኑን ሳታውቀው የኖረች እናት ምቱ ተመልሶላት የምታገኘው ትንሽ ነው፤ ፔስሜከር ግን ልታተርፍ ትችላለች። በተቃራኒው፣ ምቱ በተዛባ ቁጥር ትንፋሽ የሚያጥረው፣ መዛባቱ ከጀመረው ሁለት ዓመት ያልሞላው የ70 ዓመት ሰው ደረቱ ለቫልቭ በተከፈተበት ሰዓት ምቱ ሳይታከም ቢዘጋ ተበድሏል እላለሁ። ብዙ ቦታ ውሳኔው በታካሚው ሳይሆን በቀዶ ሐኪሙ ልማድ መወሰኑ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ውጤት ግን ከዚህ ሁሉ መስመር ሳይሆን ከአንዲት ትንሽ ከረጢት የመጣው ነው። ከላይኛው ግራ ክፍል ጎን ጆሮ የምትመስል ተቀጥላ አለች፤ ጥቅሟ ብዙም አይደለም። የቫልቭ ጥበት በሌላቸው ሰዎች የምት መዛባት ሲመጣ የረጋ ደም ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚገኘው እዚያች ውስጥ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ለሌላ ጉዳይ ደረት ከከፈተ እርሷን ቆርጦ መጣል ወይም መዝጋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። በ27 አገሮች ወደ 4,800 የሚጠጉ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 71 የሆነ ታካሚዎችን የተከታተለው ጥናት ውጤቱን በ2021 አወጣ። አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ክትትል፣ ስትሮክ ወይም ወደ ሌላ አካል የሄደ የረጋ ደም የገጠማቸው ተቀጥላዋ ከተዘጋላቸው 4.8 በመቶ፣ ካልተዘጋላቸው 7 በመቶ ነበሩ። ከ1,000 ሰው 22ቱ ከዚህ አደጋ ተረፉ ማለት ነው። ጥቅሙም ይበልጥ የታየው ከመጀመሪያው ወር በኋላ ነበር፤ የ30 ቀኑ መዝገብ ብቻ ቢታይ ኖሮ ይህን ነገር ባልያዘው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዚያ ጥናት ተሳታፊዎች አብዛኞቹ ደም ማቅጠኛቸውን አላቆሙም። ተቀጥላዋ መዘጋቷ በመድኃኒቱ ላይ የተጨመረ ጥበቃ ነው። «ከረጢቱን ዘግተውልኛል» ብሎ በራሱ ሥልጣን ክኒኑን የሚጥል ሰው ጥናቱ ያላለውን እያደረገ ነው።

ወደ ሰውነቱ ልመለስ። ከልብ ኦፕሬሽን በኋላ ሽማግሌ ቀንና ሌሊት ሊምታታበት፣ የሌለ ሰው ሊያይ፣ ልጁን ላያውቅ ይችላል። ዴሊሪየም ይባላል። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነና የልብ ኦፕሬሽን የተደረገላቸው 225 ሰዎችን የመዘገበ በ2012 የወጣ ጥናት 46 በመቶው እንዲህ እንደሆኑ ጻፈ። አብዛኛው ሰው ያልፍለታል፤ ግን በስድስት ወር የማስታወስና የማሰብ ብቃታቸው ወደ ቀድሞው ያልተመለሰላቸው፣ ከተምታታባቸው መካከል 40 በመቶ፣ ካልተምታታባቸው 24 በመቶ ነበሩ። «እናቴ ተቀይራ ተመለሰች» የሚለው የልጆች ሮሮ በሐኪም ፊት ብዙ ጊዜ ቢናቅም መሠረት አለው።

እዚህ ላይ ቤተሰብ ከማንም በላይ ይሠራል። መነጽራቸውን፣ የጆሮ መስሚያቸውን፣ ጥርሳቸውን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል በወጡ ቀን አምጡላቸው። በቀን መጋረጃው ይከፈት፣ በሌሊት እንቅልፍ ይከበር። ከሁሉም በላይ አጠገባቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ የሚናገር ሰው ይኑር። በማደንዘዣ ደንግዛ ነቅታ፣ ፊቱን የማታውቀው ሰው በማታውቀው ቋንቋ እጇን እየያዘ ቱቦ ሲያስተካክል የምታይ የጎንደር እናት ብትቃዥ ምን ይገርማል? በተራ መግባት የእኛ ልማድ ነው፤ ሠርግና ሐዘን ላይ የምናውቀውን ተራ ሆስፒታልም እናምጣው።

ኦፕሬሽኑን ማን እንደሚችለው አስቀድሞ ማወቅስ ይቻላል? በተወሰነ መጠን አዎ፤ መሣሪያውም ርካሽ ነው። የአሜሪካና የካናዳ ሐኪሞች በ2010 ባሳተሙት ጥናት 70 ዓመት የሞላቸውን 131 ታካሚዎች ከልብ ኦፕሬሽን በፊት አምስት ሜትር አስኬዷቸው። ስድስት ሰከንድና ከዚያ በላይ የፈጀባቸው ከባድ ችግር ወይም ሞት የመግጠም ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሰዓትና ኮሪደር ብቻ። ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ከሆነ ያ ጊዜ የመጠበቂያ ብቻ አይሁን፤ መራመድ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት፣ በቂ ምግብ መብላት የኦፕሬሽኑ አካል ነው። በሐኪሙ ፈቃድ፣ እርግጥ።

ስለ አገራችንም ጥቂት ልበል፤ እዚያ የቫልቭ በሽታ ሲባል የሽማግሌ በሽታ አይደለምና። በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ሩማቲክ ትኩሳት ሆኖ ቫልቭን ያበላሻል፤ ታካሚዎቹ ተማሪዎች፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ናቸው። በወጣትነታቸው የብረት ቫልቭ ገብቶላቸው ዛሬ በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ፀጉራቸው የሸበተ ወገኖቻችን አሉ። እነርሱ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባለውን አሮጌውን ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች ምርመራ ስለማይበዛባቸው ያጓጓሉ፤ ለብረት ቫልቭ ግን አይሆኑም፤ ከእነርሱ አንዱን በብረት ቫልቭ ላይ የሞከረው ጥናት ጉዳት ስለታየበት በጊዜ ቆሞ ውጤቱ በ2013 ታትሟል። ሩማቲክ ልብና የምት መዛባት ባለባቸው 4,500 ያህል ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2022 የወጣው ጥናትም አሮጌው ዓይነት መድኃኒት የተሻለ መሆኑን፣ ሞትም ያነሰበት እርሱ መሆኑን አሳየ።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሐበሻ ደግሞ ጾም ሲገባ ይጠንቀቅ። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ጎመን ተዉ አልልም፤ በፍስክም በጾምም መጠኑን አታወዛውዙ ነው የምለው፤ ጾም በገባና በተፈታ ሰሞን ደማችሁን አስለኩ። ስግደትን በተመለከተ፣ የተከፈተ የደረት አጥንት እስኪጋጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። በእጅ ተደግፎ መነሳት ያንን አጥንት ሊለያየው ይችላል። ሐኪሙ ይህን አይነግራችሁም፤ ስግደት ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ነው። አሳዩት።

የመጨረሻው ጉዳይ ማን ይወስናል የሚለው ነው። በእኛ ቤት ልጆች ሐኪሙን ይሰማሉ፣ ተመካክረው ይጨርሳሉ፣ ለእማማ «ትንሽ ምርመራ ነው» ይባላል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከላይ ያየናቸው ውጤቶች ሁሉ የሚመዘኑት በእርሳቸው ፍላጎት ነው። እማማ የሚፈልጉት የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ማየት ከሆነ ሁለት ዓመት ትልቅ ነገር ነው። የሚፈሩት ሞትን ሳይሆን አልጋ ላይ መቅረትን ከሆነ፣ የስትሮክ ቁጥር ከዕድሜ ቁጥር ይበልጥባቸዋል። ይህን ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠይቀውም ልጅ ባይሆን ይመረጣል። እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ የሕግ ግዴታ አለበት። ልጅ ሲያስተረጉም «ሊሞቱ ይችላሉ» የሚለውን ወደ «እግዚአብሔር ያውቃል» ይለውጠዋል፤ ማን ይፈርድበታል?

አስተርጓሚ መጥቶ፣ ሁሉ ተነግሯቸው «ኦፕሬሽኑን አልፈልግም» ያሉም እንደሆነ ሕክምናው አላለቀም። እግር ሲያብጥና ውሃ ሲጠራቀም የሚያሸና መድኃኒት አለ፣ ለትንፋሽ ማጠር ማስታገሻ አለ፣ ምቱን የሚያረጋጋ ክኒን አለ። ፓሊየቲቭ ኬር የሚባለው ክፍል ሥራው ሕመምን ማቅለል ነው፤ ለመሞት ለተቃረበ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ ኦፕሬሽኑን ለሚያስቡትም ከውሳኔው በፊት ሊጠራ ይችላል። ቀጠሮ ስትሄዱ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁት፤ ካልተጠየቀ ብዙ ጊዜ አይመጣም።